ከዋጂር ናይሮቢ አንድ ሰዓት ተኩል

ሐጂ ጋቦው የተገደሉት ከንጋት ሶላት ተመልሰው ጫማቸውን እንዳወለቁ ነው። ትራሱ ፊታቸው ላይ ነበር። አንድ ሰዓት ላይ የቤት ሠራተኛቸው ምዌንዴ አገኘቻቸው።

ስለዚህ ምዌንዴ ታሰረች። ኢንስፔክተር ኦክዊሪ ከዚህ የረዘመ ምርመራ አይወድም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ሊያቀርባት ወስኗል፤ የአራት ወር ልጇ ኢስትሊ ሰፈር ጎረቤት ዘንድ ቀርቷል።

ሳጅን ኡባህ ሦስት ጊዜ ነገረችው። በሩ አልተሰበረም፤ ምንም አልተሰረቀም። ሐጂ ያስገቡት የሚያውቁትን ሰው ነው። ዋጂር የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ ቢሪክ ደግሞ በአንድ የውኃ ጉድጓድ ምክንያት አኩርፏቸዋል።

ኦክዊሪ ግድግዳው ላይ ያለውን ካርታ በጣቱ መታ።

“ዋጂር የት፣ ናይሮቢ የት! በመኪና አሥራ ሦስት ሰዓት ነው። ልጁ የመጣው በአውሮፕላን፣ ያረፈው ሦስት ሰዓት ላይ። ትኬቱ ይኸው። ሰውዬው ያኔ ሞቶ ነበር። መቁጠር ትችያለሽ አይደል?”

“እችላለሁ፣ አለቃዬ።”

“እንግዲያው አታድርቂኝ።”

ኡባህ ለቅሶ ቤት ሄደች። ቢሪክ ቢጫ ጀሪካን አጠገቡ አድርጎ ተቀምጧል፤ እናቱ ለሐጂ የላከችው የግመል ወተት ነው። ለእንግዳ እንደሚገባ ቀድቶ ሰጣት።

“መቼ ታለበ?”

“ዛሬ ጎህ ሲቀድ፣ እህቴ። እናቴ ራሷ አልባ አውሮፕላኑ ድረስ አመጣችው።”

ቀመሰችው። ኮምጥጧል፤ ረግቷል። ኡባህ ያደገችው ዋጂር ነው። በጭስ በታጠነ ጀሪካን ያለ ወተት በጥቂት ሰዓት እንዲህ እንደማይሆን እዚያ ሕፃንም ያውቃል። ይህ የታለበው ትናንት ጠዋት ነው። ትናንት ጠዋት ከዋጂር የተነሳ አውቶቡስ ደግሞ ማታውን ናይሮቢ ገብቷል።

ዋጂር አየር ማረፊያ ደወለች። አውሮፕላኑ ዋጂር ጫት አራግፎ ሲመለስ ሰው የሚጭን ነው። ስም ይመዘገባል እንጂ መታወቂያ የሚያይ የለም። ስም የመዘገበው ጸሐፊ ቢሪክ የተባሉትን መንገደኛ አልረሳቸውም፤ ጢማቸው የሸበተ፣ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ለቅሶ ቤት የተቀመጠው ቢሪክ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው።

ማንም ቀድሞ አለመደወሉ ኡባህን አንገበገባት።

ጣቢያ ወስዳ ስትጠይቀው ብዙ አልሸሸጋትም። ሽማግሌው የሚስቱ አባት ናቸው፤ እንዳረፉ ትኬቱን አምጥተው ሰጡት። የጉድጓዱ ክርክር ነገ ሊቆረጥ ነበር። ሐጂ ጋቦው ዋጂር ሄደው፣ የአገር ሽማግሌ ፊት፣ ጉድጓዱን የቆፈሩት የቢሪክ አባት ሳይሆኑ ጎረቤቶቻቸው መሆናቸውን ሊምሉ ተነስተው ነበር።

“እውነት አይደለም?” አለችው።

“እውነት ነው። ግመሎቼ እውነት ይጠጣሉ?”

ኡባህን ያበሸቃት ግን ሌላ ነበር።

“ቆይ እስቲ። ያን ሁሉ አስበህ፣ ወተቱን ደፍተህ ባዶ እጅህን ብትመጣ ማን ያውቅብህ ነበር?”

ቢሪክ ነውር እንደተናገረች አድርጎ ተመለከታት።

“ወተት ይደፋል እንዴ?”

እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። በሩ ላይ የቆመው ኦክዊሪ፣ የኮመጠጠ ወተት ሪፖርት ላይ እንዴት ተብሎ ይጻፋል እያለ ሲነዘንዛት፣ የእስር ክፍሉን ቁልፍ ከእጁ መንጭቃ ወረደች። ስምንት ተኩል ሆኗል።

ምዌንዴ አላመሰገነቻትም። አንድ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ወደ ልጇ ሮጠች።