ከቀለሙ ሥር ያለ እርሳስ

የላብራቶሪው ባለሙያ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሥራ ክፍሉ ሞቶ ተገኘ። ጆሮ ግንዱን የጠረጴዛው ጠርዝ መትቶታል፤ ደሙ ወለሉ ላይ ደርቋል። የማይክሮስኮፑ መብራት እንደበራ ነው፤ ከሌንሱ ሥርም አንዲት ስላይድ፣ ናሙና የሚለጠፍባት ስስ መስታወት፣ ተቀምጣለች። ላየው ሰው፣ ሥራ ላይ ሳለ አዳልጦት የወደቀ ይመስላል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ የሚያመውን ቦታ ፈልጋ ስለምትወጋ ነው። መውለድ ያልቻሉ ሰዎች የሚታከሙበት ክሊኒክ ስትደርስ አምስት ሰዎች በማረፊያው ክፍል እንደ ድመትና አይጥ ተፋጠዋል፦ የክሊኒኩ ባለቤት ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ የሕሙማን ቀሚስ የለበሰች ሚስት፣ ባሏና የባሏ እናት። የሚስትየዋ ነገር ያሳዝናል። ሦስት ጊዜ በላብራቶሪ የተፀነሰ ሽል ማህፀኗ ውስጥ ተቀመጠላት፤ ሦስቱም አልያዙም። አሁን በበረዶ ውስጥ የቀረላት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ዛሬ ሊቀመጥ ቀጠሮ ተይዞለታል።

«ስምንት ሰዓት ላይ ከበረዶው አወጣዋለሁ» አለ ሐኪሙ። «የሞተው ሞቷል። ጥያቄዎን ቢያሳጥሩት ይሻላል።»

መርፌ አንድ በአንድ ለየብቻ ጠየቀቻቸው። የሁሉም ቃል አንድ ነገር ላይ ገጠመ፦ ትናንት መውጫ ሰዓት ላይ ሟቹ ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ሁሉም እየሰሙት፣ «ለሴትዮዋ ነገ ሽሉ እንዳይቀመጥላት፤ ከማህፀኗ በተወሰደው ናሙና ላይ ያየሁት አለ» ብሏል። ከዚያ በኋላ ማን ወዴት እንደሄደ ግን እርስ በርስ ተካካዱ።

አማቲቱ ቁጣዋን አልደበቀችም። «ደረቅ መሬት ላይ ዘር መበተኑ ይብቃን ስል፣ እሱ ደግሞ ሌላ ሰበብ ይፈልግላታል» አለች። ባልየው አንገቱን ደፍቶ «እማዬ፣ ተይ» አለ።

ነርሷ ዓይኗ አብጧል፤ ምላሷ ግን አልደከመም።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል» አለቻት መርፌ።

«ከማን ጋር ያልተጣላ? አንድ ቀን ስላይድ ላይ በእስክሪብቶ ስም ጻፍሽ ብሎ ሊበላኝ ደርሶ ነበር። ስላይድ ሲቀለም በአልኮል ይታጠባል፤ እስክሪብቶ ይለቃል፣ እርሳስ አይለቅም። እኔም ከዚያ ወዲህ በእርሳስ እንጂ ጽፌ አላውቅም።»

ሐኪሙን ደግሞ፣ ላብራቶሪው ውስጥ ይገባ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ምን ልሠራ? እኔ የማነበው ወረቀት ነው። ናሙና በሰም መቅበሩ፣ ቀለም መንከሩ የእሱ ጣጣ ነበር።»

«ሦስት ጊዜ አልይዝ ሲል ከማህፀኗ ግድግዳ የተወሰደውን ናሙና ለምን ቀድመው አላስመረመሩም?»

«ዕድሜዋ ነው ብያታለሁ። ሥራዬን ሊያስተምሩኝ መጡ?»

መርፌ ወደ ላብራቶሪው ተመልሳ ስላይዷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለቻት። የሚስትየዋ ስም በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። ከሥሩ ደብዘዝ ያለ የእርሳስ ቁጥር ይታያል። ነርሷን ጠርታ፣ ስላይድ ቢጠፋ ምን እንደሚደረግ ጠየቀቻት። ናሙናው የተቀበረበት ሰም አይጣልም፤ ከሱ ለሌላ ስላይድ ስስ ቁራጭ ይቆረጣል አለቻት። የሚስትየዋን ሰም ከመሳቢያው አውጥተው በፖሊስ መኪና ወደ ሌላ ሆስፒታል ላኩት።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ይህ ስም የተጻፈው ስላይዷ ተቀልማ ካለቀች በኋላ ነው፤ አለዚያ አልኮሉ ያጥበው ነበር። ከሥሩ ያለው ቁጥር መዝገብ ላይ የሌላ ሴት ነው፤ የጤነኛ ሴት። እንግዲህ አንድ ሰው የታመመችውን ስላይድ አጥፍቶ ጤነኛዋን ተክቷል። እርሳሱን በአልኮል ሊያጠፋ ሞከረ፤ እንደማይለቅ አላወቀም። ነርሷ ታውቃለች። ባልና ሚስቱ፣ እናትየዋም ላያውቁ ይችላሉ፤ ግን ከዚያ ሁሉ ስላይድ ጤነኛ የማህፀን ግድግዳ መርጦ ማውጣት ከየት መጥቶላቸው? በሽታውን የሚያውቅ፣ ሙያውን ግን የናቀ አንድ ሰው ነው የሚቀረው።»

«ስላይድ ምስክር ሆነ እንግዲህ» አለ ሐኪሙ።

መርፌ ከሆስፒታሉ የመጣውን ወረቀት ዘረጋች። የሚስትየዋ የማህፀን ግድግዳ ውስጥ ለውስጥ ተቆጥቷል፤ ሥር የሰደደ ብግነት ነው። አያምም፣ አያተኩስም፤ ሽል እንዳይይዝ ግን ሊያደርግ ይችላል። በመድኃኒት ይታከማል።

ሐኪሙ ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ ትከሻው ወረደ። «ሦስቱን ሽሎች ያባከንካቸው አንተ ነህ አለኝ፤ በገዛ ቤቴ። ገፋሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም።»

ሚስትየዋ ተነሳች። ሐኪሙን እስከዚያች ሰዓት አንቱ ነበር የምትለው።

«ይህን እያወቅህ ዛሬ አራተኛውንም ልታስቀምጠው ነበር?»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

ነርሷ ሽሉ ከበረዶው እንደማይወጣ አረጋገጠችላት፤ መጀመሪያ የአሥራ አራት ቀን መድኃኒት፣ ከዚያ አዲስ ናሙና፣ ግድግዳው ከዳነ በኋላ ሽሉ። አማቲቱ ነጠላዋን እያስተካከለች ቀረብ አለችና «ልጄ…» አለች።

«ዛሬ ገና ነው ልጅዎ የሆንኩት?» አለች ሚስትየዋ፣ ዞር ብላም አላየቻት።

ነርሷ ለመጪው ናሙና የሚሆን፣ ወረቀት የተለጠፈበት ብልቃጥ አውጥታ ስም ልትጽፍበት ስትል ሚስትየዋ እጇን ዘረጋች። እርሳሱን ተቀበለቻትና ስሟን ራሷ፣ ተጭና ጻፈችው።