በወይኒቱ ራስጌ የተገኘው ኩባያ

ወይኒቱ ከቡሬ ወጣ ባለች የገጠር ቀበሌ ማክሰኞ ማለዳ አልጋዋ ላይ ሞታ ተገኘች። ፍራሹ በደም ርሷል፤ ራስጌዋ ላይ አንድ ኩባያ ተቀምጧል። ኢንስፔክተር ውዳሴ ኩባያውን አሸተተችው፤ ሥር ሥር ይላል። ጣቷን ብትነክርበት ወዛባት። ኩባያውን በላስቲክ ጠቅልላ ያዘችው። 

የሟች ወንድም ገነነ ግቢው ውስጥ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል።

«መካን ናት ብለው ገደሏት» አላት። «እስክትቀበር እታገሣለሁ። ከዚያ ባሏን እደፋዋለሁ።»

አስከሬኑ ለምርመራ ቡሬ ወረደ። ውዳሴ መጀመሪያ ባልየውን ደስታውን አነጋገረችው።

«እንዳታረግዝ ኪኒን ትወስድ ነበር፤ ተማክረን ነው» አላት። «ልጅ ስንፈልግ መስከረም ላይ አቆመች። ከዚያ ወዲህ አበባዋ መላ አጣ። ሁለት ወር ይጠፋል፤ አንዳንዴ ጠብ ብሎ ይቀራል።»

«በመጨረሻ መቼ መጣባት?»

«እሁድ። ከቤተ ክርስቲያን ሳትገባ ደጅ ቆማ ቀረች። እኔም እናቴም አየናት። ስንመለስ ለማንም ቃል አልተነፈስንም።»

እናቱ እህተ ማርያም አልደበቁም።

«ልጄ ሌላ ያግባ ብያለሁ፤ አልክድም። እሁድ ደጅ ቆማ ሳያት ‹ዘንድሮም ቀረ› አልሁ። ክፉ ነገር ግን አላቀመስኋትም፣ የኔ ልጅ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሞታም ከጠዋት ጀምሮ ጓዳ ውስጥ ስትንጎዳጎድ ትሰማኛለች።»

ውዳሴ ጓዳውን አየች፤ ማንም የለም። የወይኒቱ በርጩማ ግን መሐል ቤት ቆሟል፤ የገባ ሁሉ ዞሮት ያልፋል።

በዚያው ግቢ ካለችው ሌላ ቤት የደስታው ወንድም ሚስት ደስታነሽ በወለደች በሃያ ቀኗ ሕፃኗን ታቅፋ ታለቅሳለች።

«እንደ እህቴ ነበረች» አለች። «ሁለት ወር ሙሉ አበባ አልታያትም። አንጀቴን በላችው።»

በማግሥቱ አስከሬኑ ከሐኪሙ ደብዳቤ ጋር ተመለሰ። ውዳሴ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች። ገነነ ጥይት አጉርሷል።

«ወይኒቱ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች» አለች። ደስታው ቀና አለ። «የጠጣችው ሥር የቀረ የወር አበባ ያስመጣል የሚባለው ነው። ደሟን አፍስሶ ገደላት። የእሁዱ ጠብታ በእርግዝና ጊዜ የሚያጋጥም ነበር፤ በማግሥቱ ጠፍቶ ይሆናል፤ እሷም አልቆጠረችው። ደስታውና እናቱ ግን ደጅ ቆማ ስላዩአት አበባዋ እንደመጣ አምነዋል። መጣ ላሉት ነገር ማስመጫ አያጠጡም። ያጠጣት ያን እሁድ ቤተ ክርስቲያን ያልሄደ ሰው ነው።»



«ኩባያው ደግሞ ቅቤ አለው። አሁን ሁዳዴ ነው። በዚህ ግቢ በሁዳዴ ቅቤ የሚቀልጠው የት ነው?»

ዓይኖች ሁሉ ወደ አራሷ ዞሩ። ደስታነሽ አልሸሸችም።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሥሩን ከፈረስ ቤት ገበያ አስመጣሁላት። ‹አበባዋ በደንብ ወርዶ ሲጠራ ትፀንሳለች› አሉኝ አዋቂዎች። ምሬቱን እንዲያለዝብላት በቅቤ አደረግሁት። ጾም ነው ብላ እምቢ አለች።» ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «‹ለልጅሽ ስትይ ጠጪ› አልኋት።»

እህተ ማርያም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ገነነ ከተቀመጠበት ተነሣ፤ ወደ ማን እንደሚሄድ ግን አላወቀም። ያቺ ሕፃን የታቀፈች ሴት እህቱ የምትወዳት ነበረች።

ደስታው ቀስ ብሎ ወደ ገነነ ተጠጋ።

«ትናንት ጠዋት ተኩሰህብኝ ቢሆን ኖሮ» አለው፣ «ማርገዟን ሳልሰማ እሞት ነበር።»