ከኮምቦልቻ አሰብ፣ አንድ ሰዓት ተኩል

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ ደሴ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ፣ ርቀት ለፍጥነት ሲካፈል ጊዜን ይሰጣል፣ ከዚህ የሚያመልጥ ፍጡር የለም እያልኩ፤ እመኑኝ፣ ዛሬም ይህንኑ ነው የማስተምረው፣ ድምፄ ግን እንደ ድሮው አይደለም።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ለስብሰባ አሰብ ተልኬ በጠዋት ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀምጫለሁ፣ አጠገቤ አባ ይማም የሚባሉ የቦሩ ሜዳ ገበሬ አሉ፣ አሰብ ወደብ የሚሠራው ልጃቸው ዓሊ ሆስፒታል ተኝቶ ባስቸኳይ ይድረሱ ተብለዋል።

"በመኪና ሁለት ቀን ነው አሉኝ፣ እሱ ደግሞ ሁለት ቀን የለው።"

ማስረዳት ስለምወድ ከደብተሬ ወረቀት ቀድጄ ሠራሁላቸው፣ በአየር ወደ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ ይህቺ አሮጌ አውሮፕላን በሰዓት ሁለት መቶ ስልሳ ያህል ብትበር አንድ ሰዓት ተኩል፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ፈገግ ብለው አጠፉትና ከጥምጥማቸው ሥር ሸጎጡት።

ወዲያው የተሳፋሪ ዝርዝር የያዘው ሰውዬ መጣ።

"አባባ፣ እርስዎ ሐሙስ ይሂዱ፣ በእርስዎ ቦታ አንድ ጓድ ይሄዳል።"

"ኧረ በአላህ! ትኬቴ ይኸው፣ ልጄ እየሞተ ነው!"

ደሜ ፈላ። "ይሄማ ግፍ ነው! ቀብር እንኳ አይደርሱም እኮ!" ብዬ ጮህኩ።

"አስተማሪ፣ ክፍልህ መሰለህ? ወይስ አንተም ሐሙስ መሄድ አማረህ?"

ትኬቴን ኪሴ ከተትኩ።

አባ ይማም ዳቦ ቆሎ የቋጠሩባትን ጨርቅ ሰጡኝ። "ለዓሊ አድርስልኝ፣ ሂድ ልጄ።"

በመስኮት ሳይ አጥሩ ጋ ቆመዋል፣ አውሮፕላኗ ዞራ ስትመለስ ግን ማንም የለም፣ ሜዳው እኮ ገላጣ ነው፣ የት ይደበቃሉ? ወደ ላይ ከወጣን በኋላ ደግሞ ከሞተሩ ጩኸት ሥር ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ በረባሶ ያደረገ ሰው ሲሮጥ እንደሚሰማው፤ የሞተሩ ነው ብዬ ሰዓቴን ማየት ቀጠልኩ። በተነሣን በአንድ ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ደቂቃ አረፍን።

በቀጥታ ሆስፒታል ሄጄ ዓሊ ይማምን ብል ነርሷ አንገቷን ደፋች።

"አሁን አረፈ። አባቱ ዓይኑን ከድነውለት ወጡ።"

"የትኛው አባቱ?"

"ስንት አባት አለው? ጥምጥም ያሰሩት፣ ላብ በላብ የሆኑት ሰውዬ ናቸዋ!"

ትራሱ ላይ የታጠፈ ወረቀት ነበር፣ በላብ ርሷል፣ የእጅ ጽሑፌ ነው፣ ሁለቱ መስመሮች ሳይቀሩ።

በሳምንቱ ጨርቋን ይዤ ቦሩ ሜዳ ሄድኩ፣ አባ ይማም ደጃፋቸው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፣ ተረከዛቸው ተሰነጣጥቋል፣ አጠገባቸው ያለው በረባሶ በጨው ነጥቷል።

"አላህ ሶብሩን ይስጥዎ" አልኩና አላስቻለኝም፣ "አባባ፣ በምን ሄዱ?"

ጨርቋን ከእጄ ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት።

"ቦታህን ብትሰጠኝ እኮ እንዲህ አልደክምም ነበር።"

ያን ዝርዝር የያዘ ሰውዬ እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ፣ ግፈኛ ነው፣ ልብ የለውም እላለሁ፣ እቤቴ ብቻዬን ተቀምጬም ጭምር፣ ስረግመው ታዲያ ያ ድምፅ ከሩቅ ይጀምራል፣ ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ፣ እየቀረበ ይመጣና ደጄ ላይ ሲደርስ ይቆማል።