ባይጠሩ ይመረጣል

ጨረቃ ላይ በተቆረቆረችው አዲስ ሰፈር ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚቀበለው አጋፋሪ ነው። አጋፋሪ ወኪል ነው፤ ወኪል የሚሉት ደግሞ ትእዛዝ ሳይጠብቅ ራሱ አስቦ የሚሠራ ማሽን ነው። የራሱ እጅ የለውም። ደም የሚመረምረው፣ የሆድ ዕቃ ምስል የሚያነሳው፣ መድኃኒት የሚያድለው መሣሪያ ሁሉ ከፊቱ ተደርድሮለታል፤ እሱ የእያንዳንዱን መግለጫ፣ ማለትም ምን እንደሚሠራና መቼ እንደሚያገለግል የተጻፈለትን፣ ያነብና የሚበጀውን ይጠራል። መግለጫው የማይረባ ከሆነ መሣሪያው የቱንም ያህል ቢራቀቅ ማን ይጠራዋል?

የትርሲት እንጀራዋ እነዚህን መግለጫዎች መመዘን ነው። አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር መግለጫውን ለአጋፋሪ ትሰጠውና የውሸት በሽተኛ ፈጥራ የቱን መሣሪያ እንደሚጠራ ታያለች። «ምን እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደማይጠራም ጻፉ እንጂ!» እያለች መሐንዲሶቹን ስታሰለች ትውላለች። ምላሷ ስለት ነው፤ እነሱም ይፈሯታል።

ያልመዘነችው አንድ መግለጫ ብቻ ነበር። ከመሣሪያዎቹ ረድፍ መጨረሻ ላይ «ዶክተሩን ጥራ» የሚል አለ። የሰፈሯ ብቸኛ ሐኪም፣ ዶክተር ውብእሸት ማለት ነው። መግለጫውን የጻፉት ራሳቸው ናቸው። ታዲያ እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ስለ ራሱ በጻፈው ላይ ማን ደፍሮ ውጤት ይሰጣል? ትርሲት አልፋው ሄደች።

አንድ ቀን ጠዋት ባሏ አንዳርጌ ክሊኒክ መግባቱን ሰማች። ሥራዋን ጥላ ስትደርስ አልጋው ላይ በጎኑ ተኮማትሮ አገኘችው። ግንባሩን ላብ አጥምቆታል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም አልሆንኩ። ትንሽ ሆዴን ነው።»

«አጋፋሪ፣ ምን አገኘህበት?»

«ትርፍ አንጀታቸው አካባቢ መጠነኛ እብጠት አለ» አለ አጋፋሪ። «ሕመሙን ስጠይቃቸው ግን ‹ደህና ነኝ፣ ተመስገን› ብለዋል። ስለዚህ ማስታገሻ ሰጥቼ እየተከታተልኳቸው ነው።»

«ዶክተሩንስ ጠራሃቸው?»

«አልጠራሁም። መግለጫቸው ባይጠሩ ይመረጣል ይላል።»

ዶክተሩ እኮ ከኮሪደሩ ማዶ ተቀምጠው ብቻቸውን ዳማ ይጫወታሉ። ትርሲት በሩን ሳታንኳኳ ገብታ እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው። እሳቸው ምስሉን አላዩም። መጀመሪያ ያዩት የአንዳርጌን እግር ነው። የቀኝ ጫማው ወልቋል፤ የግራው ግን ጎንበስ ማለት ስላቃተው ከነማሰሪያው እግሩ ላይ ነው።

«አንዳርጌ፣ ደህና ነህ?» አሉት ሆዱን ጫን አድርገው።

«ደህና ነኝ ዶክተር። እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሊፈነዳ ነው» አሉ ወደ ትርሲት ዞረው። «አጋፋሪ፣ ቀዶ ጥገናውን አዘጋጅ፤ አሁኑኑ።»

አንዳርጌ ከቀዶ ጥገናው በሰላም ወጣ። ዶክተሩ እጃቸውን እየታጠቡ «ትንሽ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ» ብለው ጀመሩና ተዉት። ትርሲት ያን ጊዜ ያለፈችውን መግለጫ ከፍታ አነበበችው። «ያረጀ ሐኪም ነው። ብዙ ነገር ይረሳል። ሌሎቹ መሣሪያዎች ይሻላሉ። እሱ ባይጠራ ይመረጣል» ይላል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ታዲያ ምን ልበል? ጎበዝ ነኝ ብዬ ልጻፍ? ነውር አይደለም እንዴ?»

«ሰው ቢያነበው ትሕትና ነው ብሎ ያልፈዋል። አጋፋሪ ግን አመነዎት! እሱ ደህና ነኝ ሲል፣ እርስዎ አልረባም ሲሉ፣ በመሀል ባሌን ላጣው ነበር።» ይበልጥ ያበገናት ግን የራሷ ነገር ነው፤ መግለጫውን ሳትመዝን ያለፈችው እሷ ናትና።

በዚያው ቀን መግለጫውን እንደገና ልትጽፍ ተቀመጠች። «በሙያቸው አቻ የሌላቸው» ብላ ሞከረችው፤ አጋፋሪ ጣቱ ለተጫረ ሁሉ ዶክተሩን መጥራት ጀመረ። አጠፋችው። «ሆድ ዳስሰው የሚያውቁ» አለች፤ ሆድ ውስጥ ያለውን ለማየትማ ማሽኑ ይበልጣቸዋል። ይህንንም አጠፋችው። እስካሁን ከመዘነችው ሁሉ ይህ ከበዳት። ሰው ለምን ይጠራል? ማሽን የማይችለውን ነገር ፈልጋ ፈልጋ ደከማት። በመጨረሻ ያ የግራ ጫማ ትዝ አላትና እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ሰው ደህና ነኝ ሲል ዝም ብለው የማያምኑ ሐኪም። የሚጠሩት፦ ታማሚው ደህና ነኝ እያለ ሁኔታው ሌላ ሲናገር። የማይጠሩት፦ ታማሚው ራሱ አመመኝ ብሎ ሲናገር፤ ያን ጊዜ ሌላው መሣሪያ ይበቃል። ማሳሰቢያ፦ ስለ ራሳቸው የሚሉትን አትመን።»

በውሸት በሽተኞቿ ሞከረችው። አጋፋሪ አንዱንም አልሳተም።

«ግልጽ መግለጫ ነው» አላት። «ከጠዋት ጀምሮ ግን እህል አልቀመሱም። ድምፅዎም ተለውጧል። ደህና ነዎት?»

«እኔ? ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ምን እሆናለሁ?»

ትርሲት የሚቀጥለውን መሣሪያ መግለጫ ከፈተች፤ ፊደሉ ግን አልነበብ አላት። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። ዶክተር ውብእሸት የዳማ ገበታቸውን በብብታቸው ይዘው ቆመዋል።

«ማን ታሞ ነው ጋሼ?» አለች ብድግ ብላ።

«እንጃ፣ ጠርቶኝ ነው የመጣሁት።» ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። «በይ ንገሪኝ፣ ልጄ።»

«ደህና ነኝ ብዬው ነበር እኮ።»

«አዎ» አሉ ዶክተሩ። «እሱንም ነግሮኛል።»

ትርሲት ከጠዋት ጀምሮ አፍና የያዘችውን ለቅሶ ያን ጊዜ ለቀቀችው።