ዘጠኙ ሲጠማቸው

በየሦስት ወሩ መጨረሻ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን፣ የረመጥ ማዕድንና ኢነርጂ ኩባንያ ዘጠኝ የበላይ ኃላፊዎች ይጠማቸዋል። እንዲሁ አይደለም የሚጠማቸው፣ በሕግ ነው። ሕጉ ‹‹የማዕድን ኩባንያ አመራር በሠራተኛው ላይ ከመወሰኑ በፊት አንድ ሰዓት በሠራተኛው ገላ ይቀመጥ›› ይላል። ስለዚህ ዘጠኙ ሹራባቸውን አውልቀው ለስላሳ ወንበራቸው ላይ ጋለል ይላሉ፤ ስንዱ ደግሞ እየዞረች ግንባራቸው ላይ ቀጭን የብር ቀለበት ታስርላቸዋለች።

ስንዱ የኅብረ ስሜት ባለሙያ ናት። ኅብረ ስሜት ማለት የአንዱን ሰው ሙቀት፣ ጥምና ድካም ወስዶ ሌላው ገላ ላይ የሚያሰማ መሣሪያ ነው። ቀለበቱ ተቀባይ ነው። ላኪዋ የባቄላ ፍሬ የምታክል ናት፣ በእያንዳንዱ ሠራተኛ ማጅራት ላይ ትለጠፋለች። ወረቀት ላይ ረጅም ስም አላት፤ ሠራተኛው ግን ‹‹አልቅት›› ይላታል።

ስብሰባው ደመና ቤት ነው የሚካሄደው። ደመና ቤት ከዳሎል የጨው ሜዳ በላይ አራት ሺህ ሜትር ላይ በወፍራም ገመድ ታስሮ የሚንሳፈፍ የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ታች ምድሩ ሲፈላ እዚያ ላይ ሹራብ ይለበሳል። ሦስት መቶ ሰው ታች ጨው ይቆፍራል፣ እንፋሎት ያፍናል፤ ዘጠኝ ሰው ላይ ሆኖ ይወስናል።

ስንዱ ሥራውን ስትጀምር በነገሩ አምና ነበር። ‹‹የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም›› ይባል የለ? እንግዲያ የጠገበውን የተራበው ሆድ ውስጥ ብናስገባው ይራራል አለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ዘመድ ‹‹ሥራሽ ምንድን ነው?›› ሲላት፣ ‹‹ባለሥልጣን እንዲሰማው ማድረግ›› እያለች ስትኩራራ ኖረች። የዋህ!

‹‹ስንዱ፣ ዕቃሽን ዛሬ ምን ነካው?›› አለች ዋና ሥራ አስፈጻሚዋ ዶክተር ትብለጥ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። አንቱ ልላት ይገባ ነበር፣ ምላሴ እምቢ አለኝ። ‹‹ሩብ ሰዓት አለፈ፤ ጉሮሮዬ እንኳ አልደረቀም።››

ስንዱ ደስ አላት። እውነቴን ነው፣ ደስ አላት! ሌላው ቢሆን ‹‹እሰይ፣ ዛሬስ ተረፍኩ›› ብሎ ዝም ይል ነበር፤ እነዚህ ግን ሕመሙ ቀረብን ብለው ያማርራሉ አለች በልቧ። ቀለበቶቹን አየች፣ ጤነኛ ናቸው። መስመሩንም አየች፣ እሱም ጤነኛ ነው። የቀረው ታች ያለው ሰው ነው።

የዛሬው ላኪ እንዲሆን ዕጣ የወጣለት ሑመድ ነበር፣ የሰባተኛው ጉድጓድ ቆፋሪ። ዕጣ መባሉ ለወጉ ያህል ነው፤ ይኸው በተከታታይ ለአምስተኛ ጊዜ ለሑመድ መውጣቱ ነው። ‹‹የሑመድ ይለያል›› ይላሉ ኃላፊዎቹ፣ ሥጋ ቤት ገብቶ ሻኛ እንደሚያማርጥ ሰው።

ስንዱ የድምፅ መስመሩን ከፈተች። ‹‹ሑመድ፣ ደኅና ነህ? ምን ይሰማሃል?››

‹‹ዛሬማ አልሐምዱሊላህ ነው እኅቴ!›› አለ ሑመድ። ‹‹አልሰማሽም እንዴ? ማቀዝቀዣውን ለቀቁልን እኮ! አሥራ አራት ወር ስንለምን ከርመን ትናንት ጠዋት እፍ ብሎ መጣ። አርባ አንዳችንም እየዘፈንን ነው የምንቆፍረው። የፈቀደልንን ሰው አላህ ዕድሜውን ያርዝምለት በይልኝ።››

ስንዱ ፊቷ በርቶ ወደ ዘጠኙ ዞረች። ‹‹ዶክተር፣ መሣሪያው አልተበላሸም። ሰውየው ተመችቶት ነው!››

ማንም ፈገግ አላለም።

‹‹ማነው የፈቀደው?›› አለ አቶ ያዮ፣ የደኅንነት ኃላፊው። ድንቄም ደኅንነት! አቶ ያዮ እዚህ ወንበር ላይ ከመውጣቱ በፊት ስድስት ዓመት እዚያው ሰባተኛ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ነው። በየስብሰባው ‹‹እኔ ከታች የመጣሁ ነኝ›› ሳይል አይቀመጥም።

‹‹እርስዎ ነዎት አቶ ያዮ። ከጥገና ወረቀቶቹ ጋር ፈርመውበታል።››

‹‹ሳላነበው ነዋ!›› አለና ተነሣ። ከአንገቱ ያንጠለጠላትን ቁልፍ አውጥቶ ግድግዳው ላይ ያለው ሳጥን ውስጥ ከተታት፣ አዞራት። የሰባተኛው ጉድጓድ ማቀዝቀዣ ቀጥ አለ። ቁልፏን መልሶ አንገቱ ላይ አጠለቃት።

‹‹ምን እያደረጉ ነው?›› አለች ስንዱ።

‹‹ለአንዲት ሰዓት ብቻ ነው። ሕጉ የሚለው የሠራተኛውን ኑሮ እንድንካፈል ነው። ይኼ ኑሮው አይደለም።››

ስንዱ ኩም አለች።

ብዙም አልቆየ፣ ሙቀቱ ከታች መምጣት ጀመረ። ስንዱ ሌላ ጊዜ በዚህ ሰዓት ጀርባዋን ሰጥታ መለኪያዎቿን ነው የምታየው። ዛሬ ግን ዞራ አየቻቸው። ምነው ባላየች! ዘጠኝ ፊት ቀላ፣ ወዛ፤ ዘጠኝ አፍ ተከፈተ። የሽያጭ ኃላፊው ከንፈሩን ይልሳል። አንዷ ‹‹እህህ›› እያለች አንገቷን ታሻሻለች፣ ወጌሻ የሚያሻት ይመስል። በየፊታቸው ጠል የለበሰ የቀዝቃዛ ውሃ ብርጭቆ ተቀምጧል። እጃቸው ብርጭቆው ላይ ነው፣ ግን አይጠጡም። አንዱ ሊያነሣ ሲል ትብለጥ ክንዱን ያዘችው።

‹‹ቆይ እንጂ፣ አትቸኩል። ምላሱ ላንቃው ላይ ሲጣበቅ ነው የሚጣፍጠው።››

‹‹ይኼ ነው!›› አለ አቶ ያዮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ‹‹እኔ የማውቀው ይኼን ነው!››

አሥራ አራት ወር የማቀዝቀዣው ጥያቄ በየስብሰባው ሲቀርብ፣ ልክ ከዚህች ሰዓት በኋላ ነበር የሚቀርበው። ሕጉ ተሰምቷቸው ይወስኑ አለ፤ ይኸው ተሰምቷቸው ሲወስኑ ኖሩ። ስንዱ ደግሞ ‹‹ምናልባት አቅም አጥሯቸው ነው›› እያለች ስታዝንላቸው ነበር። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

መለኪያውን አየች። የሑመድ የገላ ሙቀት አርባ ደርሷል። አርባ ከግማሽ። አርባ አንድ። ልቡ ይሮጣል፣ ላቡ ደግሞ ቆሟል፤ በእንዲህ ያለ ሙቀት ላብ ከቆመ ሞት መጣ ማለት ነው።

‹‹ዶክተር፣ በፈጠረዎት! ሰውየው ሊሞት ነው። ይክፈቱለት!››

‹‹የሚሰማኝ እኔን፣ የምታውቂው አንቺ?›› አለች ትብለጥ ለስለስ ብላ። ‹‹ገና አቅም አለው። ይሰማኛል።››

ስንዱ ወደ ድምፅ መስመሩ ተመለሰች። ታች የጉድጓዱን አሳንሰር የሚቆጣጠሩት አባ ዓሊ ናቸው፣ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ።

‹‹አባ ዓሊ፣ አሳንሰሩን ወደ ሰባተኛ ያውርዱት! ማቀዝቀዣው ተዘግቷል፣ ሑመድ እየሞተ ነው!››

‹‹ፈረቃው አላለቀም እኮ ልጄ። ያለ ትእዛዝ እንዴት አድርጌ?››

‹‹እኔ እየነገርኩዎት! አፈር ስሆን!››

‹‹ትእዛዝ ይምጣልኝ እንጂ ወዲያው ነው የማወርደው›› አሉ አባ ዓሊ።

ምን ታድርግ? ኃላፊዎቹ እንዳያጭበረብሩ ተብሎ፣ መስመሩ ሰዓቱ ሳይሞላ እንዳይቋረጥ ተደርጎ ነው የተሠራው። አቅጣጫውን መገልበጥ ግን ይቻላል። ለፍተሻ የተተወች ማዞሪያ አለች፤ እሷን ከገለበጧት ላይ ያሉት የሚሰማቸው ሁሉ ታች ይወርዳል፣ ማጅራቱ ላይ አልቅት ለተለጠፈበት ሰው ሁሉ። ለቆፋሪው፣ ለእንፋሎት ሠራተኛው፣ ለአባ ዓሊም ጭምር። በቃል ያላመኑኝ ቀምሰው ይመኑኝ አለች።

‹‹አሁን!›› አለች ትብለጥ። ዘጠኝ ብርጭቆ አንድ ላይ ተነሣ።

ስንዱ ማዞሪያዋን ገለበጠች።

ጥሙ ከዘጠኙ ገላ በአንዴ ለቀቀ። ‹‹ጠፋ! ኧረ ጠፋ! ገና በጉንጫችን እያለ!›› ብለው ተንጫጩ፣ ፔናልቲ ሊመታ ሲል መብራት እንደ ጠፋባቸው ኳስ ተመልካቾች። ‹‹ስንዱ!›› እያሉ ሲጣሩ፣ ስንዱ የመሣሪያ ሳጥኗን ይዛ ወደ ገመዱ ተሽከርካሪ ሮጣ ገብታለች። ቁልቁል ሃያ ደቂቃ ወረደች። ሃያውንም ደቂቃ አለቀሰች።

ስትደርስ አሳንሰሩ ወርዶ ወጥቷል። አርባ አንዱም ሰዎች ከሰባተኛው ጉድጓድ ወጥተው ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ባለ ዳስ ጥላ ሥር ናቸው። የሌላው ጉድጓድ ሠራተኛም ሥራውን ጥሎ መጥቷል። ሑመድን አጋድመው እርጥብ ጨርቅ አልብሰውታል፤ የሠራተኞቹ ሐኪም ክንዱ ላይ መርፌ ሰክታ ‹‹ይተርፋል›› አለች። ስንዱ አጠገቡ ተንበረከከች።

‹‹ሑመድ፣ ምን አደረግኩህ? ምን ተሰማህ?››

‹‹ሞቴን እየጠበቅኩ ነበር›› አለ በተሰነጠቀ ከንፈሩ። ‹‹ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ በጉሮሮዬ ወረደ። ጉሮሮው የኔ አልነበረም። ከውሃው ጋር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ታች አንድ ሰው እየሞተ መሆኑን ማወቅ፤ ውሃውን የሚያጣፍጠው እሱ ነበር። ሰውየው እኔ ነኝ፣ ይገባኛል።›› ፊቱን ወደ ዳሱ ምሰሶ አዞረ። ‹‹ጣፈጠኝ፣ እኅቴ። የራሴ ሞት ጣፈጠኝ።››



አፋር ዘንድ ዳጉ የሚባል ነገር አለ። ከአንድ ቦታ የመጣ ሰው ቁጭ ብሎ ያየውን የሰማውን ይናገራል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። የሰማውም እንደ ሰማው ያስተላልፋል። ስንት ዓይነት መገናኛ መጥቶ ሄዷል፣ ዳጉ ግን አልተሻረም። ከጎጃምም ከወለጋም የመጣው ሠራተኛ እዚሁ ተምሮታል። አሁንም ሦስት መቶው ሰው አሸዋው ላይ ተቀመጠና አባ ዓሊ ‹‹ሑመድ፣ ከታች መጥተሃል። ንገረን›› አሉ።

ስንዱ ጆሮው ሥር ገባች። ‹‹ይህችን አንዷን፣ ጣፈጠኝ ያልካትን፣ ተዋት። ነገ መርማሪ ይመጣል፣ ችሎት ይኖራል። ‹ሠራተኛውም ወዶታል› ይሉሃል። ዘጠኙን እኛው ነጻ አወጣናቸው ማለት ነው፣ ሑመድ!››

‹‹ዳጉ አይሸራረፍም›› አላት። በክርኑ ተደግፎ ቀና አለና ሁሉንም ተናገረ። ማቀዝቀዣው መምጣቱን፣ መዝፈናቸውን፣ ሙቀቱን፣ ውሃውን። መጣፈጡንም።

ማንም ‹‹ምን ዓይነቱ ነው!›› አላለም። ከኋላ የተቀመጠ አንድ የእንፋሎት ሠራተኛ አንገቱን ደፍቶ ‹‹እኔንም›› አለ። ሌላውም ‹‹እኔንም›› አለ። ሐኪሟ ሳትቀር እጇን አፏ ላይ ጫነች። ስንዱ በየፊታቸው የምታየው ንዴት መስሏት ነበር፤ ኀፍረት ነው።

‹‹እኔንም ጣፍጦኛል›› አሉ አባ ዓሊ በመጨረሻ። ‹‹ዳጉ ነውና ልንገራችሁ። አሳንሰሩን ያወረድኩት ተሰምቶኝ አይደለም። የተሰማኝማ ጣዕም ነው፤ ቢሆንልኝ ቁጭ ብዬ አጣጥመው ነበር። ያወረድኩት አፍሬ ነው። ይህች ልጅ ቀድማ ‹ሰው እየሞተ ነው› ብላኝ ነበር፣ በአማርኛ፣ በደንብ በሚሰማ ቃል። እኔ ትእዛዝ ይምጣልኝ አልኳት። የማላውቀው ነገር አልነበረም፤ ነግራኛለች።››

እጃቸውን ወደ ማጅራታቸው ሰደዱና አልቅቷን መንጭቀው አሸዋው ላይ ጣሏት። ደም ነጠብ አለ። አንዱ ተከተለ፣ ሌላው ተከተለ፤ ብዙም ሳይቆይ ክምር ሆነ። ስንዱ ሳጥኗን እንደታቀፈች ቆማ ታያለች።

‹‹ልናስተካክለው እንችላለን›› አለች። ‹‹ውሃ እንዳይጠጡ እናደርጋለን። ሰዓቱን እናረዝመዋለን፣ ጠባቂ እናቆማለን። ሐሳቡ እኮ ጥሩ ነበር አባ ዓሊ!››

‹‹ይህን ዕቃ የምትጠግኚው አንቺ ነሽ?››

‹‹አዎ።››

‹‹ከዛሬ ጀምሮ አትጠግኚው ልጄ። ለነሱም አይሁን፣ ለኛም አይሁን። ሰው ሲነግረን እንስማ፣ ይበቃናል። እሱንም ከቻልነው ነው።››

ስንዱ እነዚያን ላይ ያሉትን ትጸየፍ ነበር፤ አሁን ጸያፉ ወርዶ እዚህ ከሁሉም ጋር ተቀምጧል፣ እሷንም አልዘለላትም። ሳጥኗን መሬት ላይ አኖረችና ከሰዎቹ መሐል አሸዋው ላይ ቁጭ አለች።

‹‹እኔም ከላይ መጥቻለሁ›› አለች።

‹‹እንግዲያው ንገሪን›› አሉ አባ ዓሊ። ‹‹ምንም አትጨምሪ፣ ምንም አትቀንሺ።››

ሦስት መቶው ሰው ወደ እሷ ዞረ። ለእናቷ እንኳ ያልተናገረችው አንድ ነገር ነበራት። መርማሪውንም ችሎቱንም ረሳቻቸው።

‹‹በሦስተኛው ዓመቴ ላይ ነው›› ብላ ጀመረች። ‹‹ጥሙን አጉዪልን አሉኝ። ምክንያቱን አልጠየቅኳቸውም። አጎላሁላቸው።››