ክላይቭ የሞረደው ናስ

በእውነት የሆነ ነገር ነው። ያየሁትን በቅደም ተከተሉ አስቀምጣለሁ፤ ማመን አለማመን የእናንተ ነው።

ቀኑ ማክሰኞ፣ የካቲት መጀመሪያ። ሰዓቱ ከቀኑ አሥር። ቦታው እንግሊዝ አገር፣ ኖርፎክ፣ ከወጥ ቤቴ መስኮት ፊት ለፊት ያለው የጎመን ዘር እርሻ።

ገና አልጨለመም ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ።

ባለቤቴ ክላይቭ ኅዳር ላይ የሞተው እዚያው እርሻ ዳር ነው። የዱር እርግቦች ሰብሉን ሲፈጁ ገበሬዎቹ የሚጠሩት እሱን ነበር። በመረብ በተሸፈነው መደበቂያው ውስጥ ጠመንጃውን ይዞ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ። ያገኘው ጓደኛው ደሪክ ነው።

«የእርግብ ማባበያው ገና ይዞር ነበር» አለኝ።

ማባበያውን ክላይቭ በእጁ ነው የሠራው። ከመኪና ዝናብ መጥረጊያ የወጣ ሞተር፣ ሁለት ረጃጅም የሽቦ ክንዶች፣ በየጫፋቸው አንዳንድ የፕላስቲክ እርግብ። ሲዞሩ፣ በሰማይ የሚያልፈው መንጋ ጓደኞቹ ለመብል የሚያርፉ ይመስለዋል።

ከሱቅ የሚገዛውን ይንቅ ነበር።

«እንደ ሰዓት ነው የሚሄደው» ይለኛል። «ሕይወት ያለው ነገር እኩል አይንቀሳቀስም፣ አይሪስ። ወፎቹ ሁለት ቀን ካዩት ይነቁበታል።»

ስለዚህ ሳንቲም የምታህል ክብ ናስ ሞረደ። ዙሪያዋን ጥርስ አወጣላት፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። ሞተሩ ላይ ስለገጠማት ክንዶቹ ይሄዱና ይቆማሉ፣ ያመነታሉ፣ እንደገና ይነሳሉ።

ሌላም ደንብ ነበረው። መሬት ላይ የሚያቆማቸውን የማይንቀሳቀሱ የፕላስቲክ እርግቦች በፈረስ ኮቴ ቅርጽ፣ አንድ ጎኑን ክፍት አድርጎ ይደረድርና መሀሉን ባዶ ይተወዋል።

«የሚመጣው የሚያርፍበትን ቦታ ማየት አለበት።»

ጥር ላይ ማሽኑን ለደሪክ ሰጠሁት። ሰኞ ዕለት ጭቃ በጭቃ ሆኖ ወጥ ቤቴ ገባ።

«አንዲትም እርግብ አልቀረበችኝም። ክላይቭ ቢያየኝ በሳቅ ይሞት ነበር።»

ከዚያ የተናገረውን ራሱ ሰማው።

«ይቅርታ...»

«ሻይህን ጠጣ። ማሽኑን ምን አደረግኸው?»

«ምንም። ጠገንኩት እንጂ። ይቆራረጥ ነበር። የናሷ ጥርስ የተበላ መስሎኝ አዲስ ገዝቼ ቀየርኩለት።»

«አንተ ሽማግሌ፣ ብልሽት ያልከው እኮ ዋናው ነገር ነው።»

«ታዲያ ያ ሰውዬ ምስጢሩን ለማን ነግሮ ያውቃል?»

«ለእኔ። አሮጌውን ጣልከው?»

ናሷን ከኮቱ ኪስ አወጣት። ነገ እንገጥማታለን አለ።

«ለጥቂት ቀን እኔ ጋ ትቆይ» አልኩት።

አየኝ። አልቀለደም። ናሷን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኳት።

ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ኩባያ እያጠብኩ ቀና አልኩ።

ክላይቭ እርሻው መሀል ቆሞ እጁን ያወዛውዝልኛል።

አረንጓዴ ኮቱን ለብሷል። ፊቱን ለአደን በሚያጠልቀው መረብ ሸፍኗል። እጁን ከትከሻው በላይ አያነሳም፤ ድሮም እንደዚያ ነበር።

ምን እንደተሰማኝ እዚህ አልጽፍም።

ቦቲዬን አጠለቅሁ። በሩን ስከፍት እጄ የሆነ ልብስ ነካ...

አረንጓዴ ኮቱ ነበር። ከኅዳር ጀምሮ በተሰቀለበት ተሰቅሏል።

ቢሆንም ወጣሁ።

አጥሩ በር ላይ ደረስኩ። «ክላይቭ...» አልኩ በሹክሹክታ።

እጁ ተወዛወዘ። ሦስት ጊዜ። ቆመ።

ያኔ ነው እርግቦቹን ያስተዋልኩት። ሃምሳ ያህል ናቸው፤ እግሩ ሥር ይለቅማሉ። የሰው ፊት ከሩቅ ሲያዩ የሚበርሩ ወፎች... አንዷም ቀና አላለችም።

ብርዱ ትንፋሼን ጭስ አድርጎታል። እሱ ዘንድ ጭስ የለም።

ሦስት ጊዜ። ቆመ። ሦስት ጊዜ። ቆመ።

ቆጠርኩ። እኩል ነበር። እንደ ሰዓት።

ጀርባዬን ሳልሰጠው ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ገባሁ፣ ቆለፍኩ። ደሪክ ዘንድ ደወልኩ።

«ማሽኑ የት ነው?»

«ጋራዥ። ባትሪውንም አውጥቼዋለሁ። ምነው?»

«እርሻው ላይ ሰው አቁመሃል?»

«በዚህ ብርድ የትኛው እብድ ይቆማል? አይሪስ... ልምጣ?»

«ነገ ና።»

ስልኩን ዘግቼ ሳይ እርሻው ላይ ማንም የለም።

ረቡዕ ጠዋት ናሷ ደፉ ላይ የለችም። አቧራው ላይ ጥርስ ያለው ክብ ምልክት ቀርቷል። በሩም መስኮቱም ከውስጥ እንደተቆለፉ ናቸው።

ይህን የምጽፈው ረቡዕ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ደሪክ መንገድ ላይ ነኝ ብሏል።

እርሻው ላይ የሚቆመው ግን ቀድሞ መጥቷል።

እጁ አንድ ጊዜ ተወዛወዘ። ለረጅም ጊዜ ቆመ። ሁለት ጊዜ... አመነታ። የሰለቸው ይመስል ዝቅ አደረገው። እንደገና አነሳው።

ክላይቭ እንዲህ ነበር የሚያወዛውዘው። ልክ እንዲህ።

ቦቲዬን አድርጌያለሁ። መቼ እንዳደረግሁት አላውቅም።

ከጀርባው፣ ኅዳር ላይ እኔና ደሪክ ነቅለን ያነሳነው የመደበቂያው መረብ ተመልሶ ተወጥሯል።

እርግቦቹ ከፊቱ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ቆመዋል። ክፍቱ ወደ እኔ በር ነው።

መሀሉ ባዶ ነው።