ብርቱካን ይዘው የጠየቋት በሽተኛ

ኪዳን ሔራንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት ተኝታ ነው። ካናል ዊንቸስተር በምትባለው ከተማ ባለው የዕቃ ማከማቻ ዌርሃውስ፣ ምሳ መብያው ክፍል ውስጥ፣ ያልተከፈተ ምሳ ዕቃዋን ከፊቷ አስቀምጣ ግንባሯን ክንዷ ላይ ደፍታለች። ብሬክ አልቆ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ተመልሷል። እሱም ሊያልፋት ነበር። እዚያ ቤት እንቅልፍ የጣለው ሰው ማየት ብርቅ አይደለም፤ ሁሉም ከአንዱ ሥራ ወጥቶ ወደ ሌላው የሚሮጥ ነው። ግን ሱፐርቫይዘሩ በኮሪደሩ ሲመጣ አየና አንጀቱ አልችል አለ።

«እህት... ብሬክ አልቋል።»

አልነቃችም። ትከሻዋን በጣቱ ነካ አደረጋት።

«እህት፣ ራይት አፕ ያደርጉሻል፤ ማስጠንቀቂያ ይጽፉብሻል። ተነሺ።»

ብድግ አለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ የሹራቧ እጅጌ ጉንጯ ላይ መስመር አትሞበታል። የት እንዳለች ሳታውቅ፣ ማን እንደቀሰቀሳት ሳታይ፣ መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ቃል ይህ ነበር።

«ትተነፍሳለች?»

ኪዳን ክው አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። እሱ ግን ይቺን ጥያቄ ያውቃታል፤ እሱም ከእንቅልፉ እየባነነ ስንት ጊዜ ጠይቋታል።

«ማን?» አላት ቀስ ብሎ።

ሔራን አሁን ገና ነቃች፤ አፈረችም። «ይቅርታ... ቤት የታመመች አለችብኝ። ልቧን ነው። እሷን ስጠብቅ እንቅልፍ የለኝም።»

«እግዜር ይማርልሽ።»

«አሜን» አለችና ምሳ ዕቃዋን ይዛ ሮጠች።

ፍቅር በዓይን ይጀምራል ይላሉ። የነዚህ ሁለቱ የጀመረው በድካም ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ኪዳን በየመደርደሪያው መሃል በዓይኑ ይፈልጋት ጀመር። ብሌንደን ታውንሺፕ አፓርታማ ተከራይታ እንደምትኖር አወቀ፤ የቅዳሜው ኦቨርታይም ደግሞ ሊገድላት እንደደረሰ ሳይነገረው አየ። በሽተኛዋ እናቷ ትሆናለች ብሎ ደመደመ። ጠይቆ ማስጨነቅ ግን አልፈለገም።

«ቅዳሜ ቅዳሜን እኔ እገባልሻለሁ። ሺፍት እንቀያየር» አላት አንድ ቀን። «አንቺ ከእሷ ጋር ሁኚ።»

«አንተስ? ማታ ማታ ታክሲ ትነዳ የለም እንዴ?»

«እኔ ድካም ለምጃለሁ።»

«እሱ አይለመድም፣ ኪዳን» አለችው።

ስሙን ጠርታው አታውቅም ነበር። ቤቱ ገብቶም ጆሮው ላይ ቀረ።

አንድ ቀን ከሥራ ሲወጡ ዝናብ ያዛቸውና ፓርኪንግ ሎቱ ላይ እሱ መኪና ውስጥ ተቀመጡ። ሔራን የጃኬቷን ዚፕ ከፍ ዝቅ ስታደርግ ቆየች።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለችው። «ስለ ታመመችው...»

«ስለ በሽታው ለኔ አትንገሪኝ። አውቀዋለሁ።» ኪዳን መስኮቱን እያየ ነበር። «እህቴ ቤተልሔም አገር ቤት በዚያው በሽታ ነው የሞተችብኝ። ልጅ ሆና ጉሮሮዋን አመማት፤ እሱ ሄዶ ልቧን ያዘ። ሚትራል ቫልቭ የሚባለው የልቧ በር ነው አሉን። እናቴ ስትሞት ለእኔ ነበር አደራ የሰጠችኝ። ሰርጀሪ ያስፈልጋታል ተባለና ወረፋ አስያዝኳት።»

«እሺ...»

«ተራዋ ሲደርስ ስልክ ተደወለልኝ። ነገ ይዘሃት ና አሉኝ። ከቀበርናት ወር አልፎን ነበር።»

ሔራን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየ። ለእናቷ ፈርታ ነው ብሎ እጇን ያዛት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዛት ያኔ ነው።

«አንቺስ ምን ልትነግሪኝ ነበር?»

«ምንም» አለችው። «ሌላ ጊዜ።»

ሌላ ጊዜ የሚባለው ነገር ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ!

የዌርሃውሱ ሐበሻ ሁሉ አባት ጋሼ አሥራት ናቸው። ሳጥን ከሚያሽጉበት ቀና ብለው ሁሉን ይቆጣጠራሉ። ስለ በሽተኛዋ ከኪዳን ሰምተው ነገሩን የጀመሩት እሳቸው ናቸው።

«የታመመ ሳይጠይቁ እግዜር ይማርሽ ማለት አፍ ማሞጥሞጥ ነው» አሉት ኪዳንን። «የልጅቱ እናት እንደዚያ ታመው፣ አንድ ሰው ደጃቸውን አልረገጠም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንሄዳለን።»

«ኮል እናድርግላት፣ ጋሼ?»

«በሽተኛ ለመጠየቅ ደግሞ አፖይንትመንት ሊያዝ ነው?»

ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ አቁመው ብርቱካንና ጁስ ገዙ። ለስላሳ ዳቦም ጨመሩ፤ በሽተኛ ደረቅ ነገር አይበላም ብለው። ጋሼ አሥራት ነጠላቸውን አስተካክለው በሩን አንኳኩ።

ሔራን ከፈተች። ስታያቸው ቀለሟ ተለወጠ። በእግሮቿ መሃል፣ ጆሮዋ የተንዘረፈፈ ቡናማና ነጭ ትንሽ ውሻ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«እንደምን ዋልሽ፣ ልጄ። እናትሽን ልንጠይቅ ነው የመጣነው። የታሉ?»

«ጋሼ... እናቴ አዲስ አበባ ናት። ደህና ናት።»

«ተመስገን! ታዲያ በሽተኛዋ?»

ሔራን ውሻዋን በእግሯ ከለለቻት። ወደ መሬት አየች። ውሻዋ እንደ ሰው ደረቅ ሳል ሳለች።

ጋሼ አሥራት ውሻዋን አዩ፤ ሔራንን አዩ፤ መልሰው ውሻዋን አዩ።

«እኔ ሻማ አብርቻለሁ እኮ፣ ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ከቁጣ ይልቅ ኀዘን ነበር። ብርቱካኑን ደጃፉ ላይ አኑረው፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ደረጃውን ወረዱ።

ኪዳን ቆሞ ቀረ።

«ምኗን ነው?»

«ሚትራል ቫልቭ» አለችው፤ ድምፅዋ በቅጡ አይሰማም። «ሌላ ስቴት ሰርጀሪ ይሠሩላታል። በሚቀጥለው ወር ነው። ልነግርህ ነበር...»

«ለውሻ?»

ሔራን ጎንበስ ብላ ውሻዋን አነሣቻት። እሱም አልደገመውም። ወረደ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ውሸት ነው፤ ሔራን ሁሉንም ሰምታለች። «የውሻዋ እናት» አሏት። አንዱ ሲያልፍ ያስላል፤ ሌላው በሳቅ ይሞታል። ኪዳን አልሳቀም፤ አላናገራትምም። ቃል የገባላትን ቅዳሜዎች ግን አንድም ሳያጎድል ገባላት። ለምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም። ቢናደድ በማን ይናደድ? ውሻዋ የማንንም ወረፋ አልወሰደች። ይህን ልቡ ያውቃል፤ ሆዱ ግን እንቢ አለው።

አንድ ቀን መኪናው ጋ ቆማ ጠበቀችው።

«ስማኝና ከዚያ ሂድ» አለችው። «ፔኒ የኔ አልነበረችም። ሚስ ዶሮቲ የምትባል አሮጊት ነበረች፤ እስክትሞት ያስታመምኳት እኔ ነኝ። አገሩን ሳላውቅ ሰው ያደረገችኝ እሷ ናት። ልትሞት ስትል እጄን ይዛ ፔኒን አደራ አለችኝ። በእንግሊዝኛ ነው ያለችኝ፤ እኔ ግን በአማርኛ ነው የሰማሁት። የሰርጀሪውንም ከፍላ ነው የሞተችው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መጀመሪያ አፍሬ። ከዚያ ስለ ቤተልሔም ነገርከኝ። ከዚያ ወዲያ በየትኛው አፌ ልንገርህ?»

ኪዳን የመኪናውን በር ከፈተ።

«አደራ ጥብቅ ነው። ገብቶኛል፣ ሔራን። አልፈረድኩብሽም። ግን አንቺን ባየሁ ቁጥር ወረፋው ነው የሚታየኝ። ደክሞኛል።»

«እኔም ደክሞኛል» አለችው።

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ኪዳን ነድቶ ሄደ። ያን ሳምንት የበላውም የጠጣውም አልጣመውም።

የፔኒ ሰርጀሪ ቀን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ እሑድ ጠዋት፣ ስልኩ ጮኸ።

«ኪዳን... ማንንም አጥቼ ነው የደወልኩልህ። ፔኒ መተኛት አቃታት። የእንስሳት ኢመርጀንሲ ልወስዳት ነው፤ እየነዳሁ ደግሞ እሷን ማየት አልችልም።»

ሄደ። መንገዱን ሁሉ በራሱ ላይ እያጉረመረመ ሄደ። አድርሼያቸው እመለሳለሁ፤ ከዚያ በቃኝ፤ አለ።

በሩ ክፍት ነበር። ፔኒ ሳሎኑ መሃል ተቀምጣለች። የፊት እግሮቿን ከፍታ፣ አንገቷን ወደፊት ሰግጋ፣ ጎኗ ቶሎ ቶሎ ይነሳል ይወድቃል። እንቅልፍ ይጥላታል፤ ዘመም ትላለች፤ ልትጋደም ስትል ደንግጣ እንደገና ቀጥ ብላ ትቀመጣለች።

ኪዳን ደፉ ላይ ደርቆ ቀረ። ቤተልሔም በመጨረሻዎቹ ቀኖች እንዲህ ነበረች። ጀርባዋን በትራስ ደግፎላት፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ እንቅልፍ እየለመነች። ጋደም በይ ሲላት፣ «ከተጋደምኩ እሰምጣለሁ» ትለው ነበር። ይህን አይቶ የሚያውቅ ሰው ሌላ ቦታ ሲያየው አይሳሳትም። ውሻ ነው ሰው ነው ብሎ ለመለየት ጊዜ የለውም።

ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። መዳፉን ከፔኒ አገጭ ሥር አደረገ። ፔኒ መጀመሪያ ሸሸችው፤ ኋላ የጭንቅላቷን ክብደት ሁሉ እጁ ላይ ጣለችና ዓይኗን ከደነች።

«እንዲህ ነው» አላት ሔራንን፣ ቀና ሳይል። «አገጯን ሲደግፉላት ትንሽ ታርፋለች። ቤቲንም እንዲህ...»

ሔራን አጠገቡ ተንበረከከች።

«ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው» አላት። «አንቺ ንጂ። እኔ እይዛታለሁ።»

ኢመርጀንሲው ኦክስጅን ሰጥቶ፣ ሳንባዋ የቋጠረውን ውሃ በመድኃኒት አውጥቶ አተረፋት። የሰርጀሪው ቀን ሲደርስ ግን ኪዳን ሳይጠሩት መጣ። ቀኑን ሙሉ ነዳ። ሔራን ኋላ ወንበር ፔኒን ታቅፋ፣ መስታወቱ ውስጥ ስታየው ቆየች።

«ለምን መጣህ?»

«እንዴት እንደሚሠሩት ማየት ፈልጌ ይሆናል። እኔንጃ። አትጠይቂኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሟ ወጥታ አስረዳቻቸው። ልቧን እናቆማለን፤ እስክንጨርስ ማሽን ደሟን ያዞርላታል፤ ቫልቩን የሚይዙት ክሮች ተበጥሰዋል፣ በአዲስ እንተካቸዋለን፤ የላላውን አፉን እናጠብበዋለን። ላትተርፍም ትችላለች፤ አለች። ሔራን ፈረመች። ኪዳን እያንዳንዱን ቃል ሰማ። እህቱን እንዲህ ብሎ ያስረዳለት ሰው አልነበረም።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ኪዳን መቀመጥ አቅቶት ውጭ ወጣና ፓርኪንግ ሎቱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ጀርባውን እየጠበሰችው፣ ሰው እየገባ እየወጣ፣ እዚያው ዋለ። ሔራን ስትመጣ በኮቴዋ አወቃት።

«ወጣች» አለችው። አጠገቡ ዘጭ አለች። «ልቧ ራሱ መምታት ጀመረ። ቫልቩ ይዘጋል አሉ፣ ኪዳን። ዓይኗን ገልጣ አይታኛለች።»

ኪዳን ሁለት እጆቹን ፊቱ ላይ አደረገ። ከዚያ አለቀሰ፤ ሰው አየኝ አላየኝ ሳይል። ቤተልሔምን ሲቀብር ያላለቀሰውን ሁሉ አለቀሰ። ሔራን አይዞህ አላለችውም፤ ትከሻዋን ብቻ አስጠጋችለት።

«ደስ ብሎኛል» አላት፣ ድምፁ ሲመለስለት። «እሱ ነው የሚያበግነኝ። ደስ ብሎኛል።»

«ብገን። እኔ የትም አልሄድም።»

አንድ አምቡላንስ የሚያህል መኪና ፈረስ ጭኖ በፊታቸው አለፈ።

«ስለ ሕመሟ ነግረኸኛል» አለችው ሔራን። «ስለ ቤተልሔም ግን ነግረኸኝ አታውቅም። ምን ዓይነት ሰው ነበረች?»

ኪዳን ሊመልስ አፉን ከፈተና ግራ ገባው። ስንት ዓመት ሙሉ የሚያስታውሳት ትራስ ተደግፋ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የነበረችውን፣ የምትስቀውን፣ የምትቀልደውን፣ እሷን ሁሉ ረስቷት ኖሯል። አሁን ግን ከየት እንደመጣች ሳያውቅ አንዷ ትዝታ መጣችለት። ፊቱ ላይ እንባው ሳይደርቅ ፈገግ አለ።

«ጎረቤት ሠርግ ላይ የሠራችው ጉድ አለ» አላት። «ለማንም አውርቼው አላውቅም። አንድ ቀን ለሚስቴ እነግራታለሁ ብዬ ያስቀመጥኩት ነው።»

ሔራን ዞር ብላ አየችው። ፀጉሯ አልተበጠረም፤ ዓይኗ እንቅልፍ ካየ ሰንብቷል።

«ታዲያ ሚስትህን ምን ታስጠብቃታለህ?» አለችው። «ንገራት።»